ሲኒማ ቤት ማንን ነው የምናለቅሰው?

ባለፈው እሁድ የዘጠኝ ሰዓቱን ፊልም ለማየት ፒያሳ ወጣሁ። የፍቅር ፊልም ነው። ልጁና ልጅቷ ይዋደዳሉ፤ ፊልሙ ግማሽ ሳይደርስ ልጁ ይሞታል። የቀረው አንድ ሰዓት የእሷ ነው። እሱ በሌለበት ቤት እንዴት እንደሚመሽባት፣ እንዴት እንደሚነጋላት።

አጠገቤ ስድሳ ዓመት ያለፋቸው እናት ከልጃቸው ጋር ተቀምጠዋል። ከኋላዬ አራት አምስት ጎረምሶች ፈንዲሻቸውን ይዘው ይንሾካሾካሉ። ከፊት ለፊቴ ጥንዶች አሉ።

ልጁ የሚሞትበት ትዕይንት ሲመጣ ጎረምሶቹ ሳቁ። ከጥንዶቹ ሴቷ አለቀሰች፤ ወንዱ ስልኩን አውጥቶ መነካካት ጀመረ። ከመሃል ረድፍ አንድ ሰው ተነስቶ ወጣ፤ በዚያው ቀረ። አጠገቤ ያሉት እናት ደግሞ ዜና እንደሚያይ ሰው ነበሩ። ፊታቸው አልተለወጠም።

ከሃያ ደቂቃ በኋላ ሌላ ትዕይንት መጣ። ልጅቷ ልትተኛ ስትል የሟቹን ስልክ አንስታ ቻርጀር ላይ ሰካችው። በቃ፣ ይኸው ነው። ሙዚቃ የለም፤ ንግግር የለም። የስልኩ መብራት በራ፤ እሷም ዞራ ተኛች። ያኔ እናትየዋ የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ ያዙ። ሳግ ተናነቃቸው። ልጃቸው ምንም ሳትናገር እጃቸውን ያዘች።

ስንወጣ በሩ ላይ ክርክሩ ደራ። አንዷ "አንጀት የሚበላ ፊልም ነው" ትላለች። ጓደኛዋ "ኧረ ተካብዷል" ትላለች። ሌላው ደግሞ ተናዷል፤ "ዓመት ሳይሞላው ሌላ ያዘች እኮ! ይሄ ምን ፍቅር ይባላል?" እያለ። ሁሉም ያየው አንድ ፊልም ነው። ታዲያ ለምንድነው አንዱ ሲያለቅስ አንዱ የሚስቀው፣ ሌላው ጥሎ የሚወጣው? የሚስቀው ልቡ ደንዳና ነው? የሚያለቅሰውስ ደካማ?

ሁለቱም አይደለም። ነገሩን ለመረዳት ከሲኒማ ቤት በፊት ለቅሶ ቤት መግባት ይሻላል።

ለቅሶ ቤት ሁሉም የየራሱን ሙት ያለቅሳል ይባላል። ለቅሶ የደረሰ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። የጎረቤት አጎት ሞተው ድንኳን ትገባላችሁ። ሟቹን በቅጡ አታውቋቸውም። እንባችሁ ግን ዱብ ዱብ ይላል። የወረደው እንባ የእናታችሁ ነው፣ የወንድማችሁ ነው፣ በሰዓቱ ሳታለቅሱለት የቀረ ሰው ነው። ሙሾ አውራጇም ይህን አሳምራ ታውቃለች። ዛሬ የሞተውን ብቻ አታነሳም። ከተቀመጡት መሃል አምና ልጇን የቀበረችውን እየጠራች ሐዘኗን ትቀሰቅሳለች። ስለዚህ በአንድ ሰው ሞት ብዙ ሙት ይለቀሳል።

ፊልምም የሚሠራው እንዲሁ ነው። ተዋናዩ እንዳልሞተ እናውቃለን። ምናልባት ያን ቀን ቀረጻው ሲያልቅ ተነስቶ ምሳ በልቷል። እንባችን ግን ይመጣል፤ ምክንያቱም ፊልሙ የነካው እኛ ቤት ያለውን ነገር ነው። እናትየዋ በሞቱ ትዕይንት ያላለቀሱትም ለዚህ ይመስለኛል። ሆስፒታል፣ ጩኸት፣ ዝናብ፤ ይሄ የማንም ነው። ቻርጀሩ ግን የእሳቸው ነበር። የሞተ ሰው የተዋቸው ትንንሽ ዕቃዎች ከሬሳው በላይ ያስለቅሳሉ። ጫማው፣ የሻይ ብርጭቆው፣ ስልኩ።

ቶማስ ሼፍ የሚባል አሜሪካዊ የሶሲዮሎጂ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተመው መጽሐፍ ስለዚህ ነገር ጥሩ ሐሳብ አቅርቧል። የልቅሶ ሥርዓትንና ቴአትርን አብሮ ነው ያየው። እንደ እሱ አባባል ጉዳዩ የርቀት ነው። እኔ በምድጃ ልግለጸው። ከእሳቱ በጣም የራቀ ሰው አይሞቀውም። በጣም የተጠጋ ይቃጠላል። ሙቀቱ የሚሰማው መሃል ላይ የተቀመጠ ነው። ፊልም ላይም ሐዘኑ በጣም የራቀው ሰው ይሰለቻል፣ ያዛጋል፣ ይስቃል። በጣም የቀረበው ደግሞ አይችለውም፤ ተነስቶ ይወጣል። መሃል ላይ ያለው ያለቅሳል፤ እያለቀሰም ወንበሩ ላይ እንዳለ፣ ደህና እንደሆነ ያውቃል። ሐዘኑ ውስጥም ነው፣ ውጭም ነው። ሼፍ እንባ ሰውን የሚያቀለው በዚህ መሃል ቦታ ላይ ሲፈስ ነው ይላል።

እንግዲህ ያን ተነስቶ የወጣውን ሰው አስቡት። ምናልባት ፊልሙ ደብሮት ነው። ምናልባት ግን ሁለት ወር ያልሞላው ሐዘን አለበት። እሳቱ ፊቱ ላይ ነበር።

ወንበር ማስተካከል የምንችለውን ያህል ርቀቱንም ማስተካከል እንሞክራለን። ስልክ ማውጣት አንዱ መንገድ ነው። መሳቅም ነው። ጎረምሶቹ ላይ አልፍረድ። "ወንድ ልጅ አያለቅስም" እየተባለ ያደገ ልጅ፣ ጓደኞቹ መሃል ተቀምጦ፣ ጉሮሮው ላይ የሆነ ነገር ሲመጣበት ያለው ምርጫ ትንሽ ነው። ቀልድ ወርውሮ ይገላገላል።

ጉሮሮ ላይ የሚመጣው ነገር በነገራችን ላይ እውነተኛ ነገር ነው። ሳግ የምንለው። ሰውነታችን ሲጨነቅ አየር በብዛት እንዲገባ የጉሮሮ በር ሰፋ ብሎ ይከፈታል። ስንውጥ ደግሞ ያ በር መዘጋት አለበት። እንባችንን ውጠን ዝም ለማለት ስንታገል አንዱ ጡንቻ ልክፈት፣ ሌላው ልዝጋ ይላል። ያኔ የሆነ ነገር የተቀረቀረብን ይመስለናል።

መዋጡ ይጠቅማል? እ.ኤ.አ. በ1997 ጄምስ ግሮስና ሮበርት ሌቨንሰን የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ይህን ፈትሸዋል። 180 ሴቶች አሳዛኝና አስቂኝ ፊልም እንዲያዩ አደረጉ። ከፊሎቹን "ስሜታችሁ ፊታችሁ ላይ እንዳይታይ" አሏቸው። እነዚህ ፊታቸውን መቆጣጠሩ ተሳካላቸው። ሐዘኑ ግን አልቀነሰላቸውም። እንዲያውም ልባቸውና ደም ሥራቸው ከሌሎቹ የበለጠ ተጨነቀ። ፊት ዝም ሲል ውስጥ ዝም አይልም ማለት ነው። ስልኩን ሲነካካ የነበረው ልጅ ምንም ያልተሰማው ሊመስል ይችላል። እጮኛው ግን "ልብ የለህም" ብላ ባትቸኩል ጥሩ ነው።

ማልቀሱስ ወዲያው ያቀላል? እዚህ ላይ ብዙዎቻችን ተስፋችን ትልቅ ነው። "አልቅሼ ወጣልኝ" እንላለን። ሐሳቡም የቆየ ነው፤ አሪስቶትል ከክርስቶስ ልደት በፊት በአራተኛው ክፍለ ዘመን ትራጄዲ፣ ማለትም አሳዛኝ ቴአትር፣ ፍርሃትንና ርኅራኄን ቀስቅሶ ያጠራል ብሎ ጽፏል። ግን ወዲያው አይደለም። የሆላንዱ ቲልበርግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት ጥናት 60 ያህል ሰዎችን አሳዛኝ ፊልም አሳዩ። ያለቀሱት ፊልሙ እንዳለቀ ካላለቀሱት በላይ ከፍቷቸው ነበር። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ወደ ቀድሞ ስሜታቸው ተመለሱ። ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ግን ፊልሙን ከማየታቸው በፊት ከነበሩበትም የተሻለ ስሜት ላይ ተገኙ። ስለዚህ ከሲኒማ ቤት ሆድ ብሷችሁ ስትወጡ "ለምን ገባሁበት?" ለማለት አትቸኩሉ። ትንሽ ዞር ዞር በሉ። ከፒያሳ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል በእግር መውረድ ለዚህ ይመቻል።

አብሮ ማልቀስ ደግሞ ሌላ ነገር ይጨምራል። በኦክስፎርዱ ሮቢን ደንባር የተመራ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ጥናት ሰዎች ስሜት የሚነካ ፊልም በቡድን ካዩ በኋላ ግድግዳ ተደግፈው፣ ወንበር በሌለበት እንደተቀመጠ ሰው ጉልበታቸውን አጥፈው እንዲቆዩ ጠየቀ። ሕመሙን እስከ መቼ እንደሚችሉት ለማየት ነው። ፊልሙ አብዝቶ የነካቸው ሰዎች ሕመሙን ረዘም ላለ ጊዜ ቻሉት። ከጎናቸው ለነበሩት ሰዎችም የበለጠ ቅርበት ተሰማቸው። ሁሉም አይደሉም፤ ያልተነኩ ነበሩ። ግን እኛ ለዘመናት ድንኳን ተክለን የምናደርገው ይሄው አይደል? ሐዘን በጋራ ሲሆን ጉልበት ይሰጣል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ለምን የፍቅር ፊልም? የአባት ሞት፣ የእናት ሞት ላይ የተሠራ ፊልም ያስለቅሳል። የፍቅረኛ ሞት ግን ሌላ ዓይነት እንባ ያመጣል። ለብዙ ጊዜ ምክንያቱ አልገባኝም ነበር። አሁን ግን ይህን አምናለሁ፦ አባትና እናት ድንኳን አላቸው። ፍቅረኛ ብዙ ጊዜ ድንኳን የለውም።

እድሩን አስቡት። የእድር ደንብ ማን ሲሞት ምን እንደሚደረግ ቆርጦ ያስቀምጣል። ባል፣ ሚስት፣ ልጅ፣ ወላጅ፣ እህት፣ ወንድም። ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ብሩ በዚህ ዝርዝር ነው የሚወጣው። ጥሩ ሥርዓት ነው፤ ስንቱን ቤት አቁሟል። ግን ሽማግሌ ያልተላከበት፣ ቤተሰብ የማያውቀው ፍቅር ዝርዝሩ ላይ የለም። ሦስት ዓመት አብራው የኖረች ልጅ ለቅሶው ላይ "የሥራ ባልደረባ" ሆና ትገባለች። ከጥግ ትቀመጣለች። "እግዚአብሔር ያጽናችሁ" ትላለች እንጂ "እግዚአብሔር ያጽናሽ" የሚላት የለም። ጮክ ብላ ብታለቅስ "ማናት?" ይባላል። ንፍሮዋን ቀምሳ፣ እንባዋን ውጣ ትወጣለች። ሰኞ ሥራ ትገባለች። ፍራሽ ላይ አልተቀመጠች፣ ጥቁር አልለበሰች።

ኬኔት ዶካ የተባለ አሜሪካዊ ምሁር ይህን ዓይነቱን ሐዘን እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳተመው መጽሐፍ ገልጾታል። ኅብረተሰቡ እውቅና ያልሰጠው፣ በአደባባይ ሊለቀስ የማይችል፣ አጽናኝ የሌለው ሐዘን። የተፋቱ ባልና ሚስት፣ የድብቅ ፍቅር፣ ሳይወለድ የቀረ ጽንስ። እነዚህ ሁሉ ከባድ ሐዘኖች ናቸው፤ ከባድነታቸውን የሚያባብሰው ደግሞ ሐዘን ተብለው አለመጠራታቸው ነው።

እንግዲህ ያቺ ልጅ ትኬት ቆርጣ ጨለማ አዳራሽ ገባች እንበል። ፍቅረኛዋ የሞተባት ሴት ስክሪኑ ላይ ታለቅሳለች። ማንም ዞሮ "ማናት?" አይላትም። አጠገቧ ያለችው የማታውቃት ሴት ሶፍት ታቀብላታለች። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ለቅሶ ተቀመጠች ማለት ነው። "ተካብዷል" ለሚለው ሰው የምነግረው ይህን ነው። ለአንተ ተካብዷል። ከሁለት ወንበር ወዲያ ላለችው ግን ድንኳኗ ነው።

ሞት ያልሆነም አለ። እጮኛው ጅዳ ወይም ቤይሩት ሄዳ ድምጿ የጠፋበት ልጅ። በባሕር ወጥቶ ወሬው የተቋረጠ ባል። ተቀብሮ አይለቀስ፣ በሕይወት አለ ተብሎ አይጠበቅ። ፖሊን ቦስ የተባለች ተመራማሪ ይህን ቁርጡ ያልታወቀ ማጣት ትለዋለች። ጥናቷን የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ፣ ቬትናም ጦርነት ላይ የጠፉ አሜሪካውያን ወታደሮችን ቤተሰቦች ይዛ ነው። መርዶ የሌለው ሐዘን እንደማያልቅ አሳይታለች። እኛ አገር "ቁርጤን ባወቅሁ" የሚለው አባባል ይህን በሁለት ቃል ይዞታል።

እሁድ ዕለት ያልጠበቅሁት አንድ ነገር ደግሞ ነበር። ፊልሙ ላይ፣ ልጁ ከመሞቱ በፊት፣ ሁለቱ ፍቅረኞች በአንድ የድሮ የፒያሳ መንገድ ይሄዳሉ። ሰገነት ያለው የእንጨት ቤት፣ የዛገ ቆርቆሮ፣ ዳገቱ። ያ መንገድ አሁን የለም። በ2016 ዓ.ም. ዶሮ ማነቂያና ሌሎች የፒያሳ ሰፈሮች ሲፈርሱ ሄዷል። አዳራሹ ውስጥ ከየቦታው "ወይኔ!" የሚል ድምፅ ወጣ። ገና ማንም አልሞተም እኮ። አንድ ጎልማሳ "የእኛ በር ነው" አለ፤ ለማንም አልነበረም።

ቦታም ይለቀስለታል። ማርክ ፍሪድ የሚባል የሥነ ልቦና ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1963 ቦስተን ከተማ ውስጥ ዌስት ኤንድ የሚባል ሰፈር ፈርሶባቸው ስለተበተኑ ሰዎች ጽፏል። የብዙዎቹ ሁኔታ ሰው ከሞተበት ሰው ሐዘን ጋር አንድ ዓይነት ሆኖ አገኘው። ለጽሑፉም የሰጠው ርዕስ ለጠፋ ቤት ስለማዘን የሚል ነው። ስለዚህ አንድ ፊልም ላይ አንዷ ለልጁ፣ አንዱ ለበሩ ቢያለቅሱ የሚገርም አይደለም።

በሩ ላይ የተናደደውን ሰውዬ አልረሳሁትም። "ዓመት ሳይሞላው ሌላ ያዘች" ያለውን። ብዙ ተመልካች የሚጣላው እዚህ ላይ ነው። ወይ "ቶሎ ረሳች" ይላሉ፣ ወይ "አሁንም ከስልኩ ጋር ታወራለች፣ አብዳለች" ይላሉ። ሁለቱም ቁጣ ሐዘን ቀጥ ያለ መንገድ ነው ከሚል እምነት የመጣ ነው። ገብተህ፣ ሄደህ፣ የምትወጣበት።

ለዚህ እምነት አንድ ዝነኛ መጽሐፍ አስተዋጽኦ አድርጓል። ሐኪሟ ኤልሳቤጥ ኩብለር-ሮስ እ.ኤ.አ. በ1969 አምስት ደረጃዎችን ዘረዘረች፦ መካድ፣ መቆጣት፣ መደራደር፣ ድብርት፣ መቀበል። ብዙ ሰው የማያውቀው ግን ደረጃዎቹን ያወጣችው ራሳቸው ሊሞቱ የተቃረቡ ታማሚዎችን አነጋግራ መሆኑን ነው። ሰው የሞተባቸው ሰዎች መሰላል አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ የመጣው አስተሳሰብ ለእኔ ይበልጥ እውነት ነው። ማርጋሬት ስትሮብና ሄንክ ሹት የተባሉ የሐዘን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1999 እንዳሉት ሐዘንተኛ በሁለት ነገር መሃል ይመላለሳል። አንዴ ወደ ሟቹ ይዞራል፤ ያለቅሳል፣ ፎቶ ያያል። አንዴ ወደ ኑሮ ይዞራል፤ ኪራይ ይከፍላል፣ ይስቃል፣ አዲስ ሰው ይተዋወቃል። በአንድ ቀን ውስጥ ሁለቱም ሊሆን ይችላል። መመላለሱ ራሱ ነው ጤናው።

እኛ ዘንድ ይሄ አዲስ አይደለም። ሠልስት፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ ሙት ዓመት። እነዚህ ቀናት "በየቀኑ አልቅስ" አይሉም። ሂድ፣ ሥራህን ሥራ፣ በአርባው ተመለስና እናልቅስ ይላሉ። በመጨረሻም ዘመድ ተሰብስቦ መጥቶ ጥቁሩን ያስወልቃል። ሐዘንተኛዋ ራሷ "በቃኝ" እንድትል አይጠበቅባትም። ያቺ የፊልሟ ልጅ ጥቁሯን የሚያስወልቅላት ዘመድ አልነበራትም። አዲሱ ልጅ ቡና ሲጋብዛት ያደረገው ይሄንኑ ነው፤ እኔ እንደዚያ ነው ያየሁት።

ስልኩን ቻርጅ ማድረጓስ? እብደት አይደለም። ፍሮይድ እ.ኤ.አ. በ1917 ሐዘንተኛ ከሟቹ ላይ ልቡን ቀስ በቀስ ማላቀቅ አለበት የሚል ሐሳብ ጽፎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1996 ዴኒስ ክላስና ባልደረቦቹ ግን ብዙ ሰው እንደማይላቀቅ፣ ግንኙነቱን ቀይሮ እንደሚቀጥል አሳዩ። ልጇን ያጣች እናት በልደቱ ቀን ሻማ ታበራለች፤ ተዝካር የሚያወጣ ቤተሰብም ይህንኑ እያደረገ ነው።

አንድ ልብ ሊባል የሚገባው ድንበር አለ። ናፍቆቱ ሥራ ካስቆመ፣ ከሰው ከለየ፣ ወራት ሲያልፉም አልቀንስ ካለ፣ ሐዘኑ እርዳታ ይፈልጋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የበሽታዎች ዝርዝሩ የተራዘመ ሐዘንን አካቷል። ቢያንስ ስድስት ወር ያለፈውና የኅብረተሰቡ ባህል ከሚጠብቀው በጣም የበለጠ ሲሆን ነው። እንዲህ የሆነበት ሰው ካለ ፊልም አይበቃውም። የአእምሮ ጤና ባለሙያ ጋ ይዛችሁት ሂዱ። በራሱ እንዲሄድ አትጠብቁት።

ከአዳራሹ ወጥቼ ታክሲ ሰልፍ ላይ ስቆም እናትና ልጅ ከፊቴ ነበሩ። ልጅቷ የእናቷን ነጠላ ታስተካክላለች። እናትየዋ ዓይናቸው አብጧል፤ ድምፃቸው ግን ረግቷል።

"ካርድ ካልተሞላ ቁጥሩን ለሌላ ሰው ይሰጡታል የሚሉት እውነት ነው እንዴ?" አሉ።

"የማንን ቁጥር እማዬ?"

"የአባትሽን ነዋ።"

ልጅቷ ትንሽ ዝም አለች። "ሐምሌ ላይ ሞልቼዋለሁ" አለች፤ "አታስቢ።"

"ደግ አደረግሽ።" ታክሲው መጣ። እናትየዋ ቀድመው ገቡ።